በድምፅ አንድ፣ በትርጉም ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ የእንግሊዝኛ የንግድ ቃላት

የአራዳ ነጋዴ ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች ቃል እየተቀበለ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ዶሮ ማነቂያ ስሙ አማርኛ ስለ ሆነ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ጎረቤቱ ፒያሳ ግን ከኢጣልያንኛ የተወሰደና አደባባይ ማለት መሆኑ ካልተነገረ በቀር አይታወቅም። ዛሬ አስመጪውና ላኪው ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በድምፅ ተመሳስለው በትርጉም የሚለያዩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ለይቶ ማወቅ ከኪሳራ ይጠብቃል።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ መውጣቷን ሲያመለክት፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» የሌላውን ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ሁለቱን ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ዐይን ነው።

ከእንግሊዝኛዎቹ ዋነኛው «ቶን» የሚለው ነው። በአምስት ፊደል ሲጻፍ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሜትሪክ ቶን ይሆናል። በሦስት ፊደል ሲጻፍ ግን በአሜሪካ ልማድ 2,000 ፓውንድ፣ ማለት 907 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በቀድሞው የእንግሊዞች ልማድ ደግሞ 2,240 ፓውንድ፣ ማለት 1,016 ኪሎ ግራም ያህል ነው። እንግዲህ 100 ሜትሪክ ቶን ዕቃ ሲጠብቅ 100 የአሜሪካ ቶን የመጣለት ገዢ ወደ 93 ኩንታል ይጎድልበታል። ሁለቱም ቃላት ወደ አማርኛ ሲገለበጡ «ቶን» ተብለው ስለሚጻፉ ልዩነታቸው ከመዝገቡ ላይ ይጠፋል።

ሌሎችም አሉ። «ፍላወር» በአምስት ፊደል ዱቄት፣ በስድስት ፊደል አበባ ነው፤ አገራችንም አበባን ወደ ውጭ የምትልክ ስለ ሆነች ልዩነቱ ላኪውን ጭምር ይመለከተዋል። «ዳይ» የሚለው መካከለኛው ፊደል ዋይ ሲሆን የጨርቅ ማቅለሚያ፣ አይ ሲሆን ግን ብረት መቅረጫ ማለት ነው። «ሲሪያል» በኤስ ሲጀምር የዕቃን ተራ ቁጥር፣ በሲ ሲጀምር እህልን ያመለክታል።

ከዚህ የተነሣ በስልክ የተነገረ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። ነጋዴው የሰማውን ቃል ፊደል በፊደል አስነግሮ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ ክብደቱንም በቶን ከማለት ይልቅ በኪሎ ግራም ቁጥር ማስጻፍ ይገባዋል። የአማርኛ ትርጉም በሚዘጋጅበት ጊዜም የእንግሊዝኛው ቃል ከነፊደሉ ከጎኑ ይጻፍ። ይህ የጥቂት ደቂቃ ድካም ነው፤ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚነሣው ክርክር ግን ጊዜንም፣ ገንዘብንም፣ የደንበኛን እምነትም ይጨርሳል።