ጌሾ ከገደል አፋፍ ወደ ጓሮ

በጌሾ ወቀጣ ዕለት ያልታየ ሰው በመጠጡ ቀን ከየአቅጣጫው ብቅ እንደሚል የሀገራችን ሰው ይተርታል። ተረቱ ስለ ሰው ስንፍና የተነገረ ቢሆንም ለጌሾው ራሱም ይሠራል። ሠርግ ሲደገስ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ጠጅና ጠላ የማይፈልግ ቤት ጥቂት ነው። ጌሾው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተከለው፣ ለከርሞም ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ጠጅ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ማር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጋን ጠጅ ለመጣል ከማሩ ሌላ ብዙ ዕፀዋት ያስፈልጋሉ። መጠጡን የሚያመርረው የጌሾ እንጨት ነው። ጋኑ የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል፣ የሚታጠነውም በወይራ ነው። ማሩም ቢሆን ንቦች ከአደይ አበባ፣ ከዋንዛ፣ ከብሳና፣ ከግራርና ከሌሎች የዱር ዕፀዋት የሚቀስሙት ነው። ስለዚህ ጠጅ የአንድ ጓዳ ሥራ ብቻ ሳይሆን የተራራው፣ የሸለቆውና የወንዙ ዳር ውጤት ነው። ተራራው ሲራቆት ማሩም ጌሾውም አብረው ይጠፋሉ። ጠጅና ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ፣ የቤት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ እናቶች ጉዳቱ ቀድሞ ይደርስባቸዋል።

ጌሾ ደጋና ወይና ደጋ የሚስማማው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ በብዛት ይገኛል። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ዳሩም ጥርስ ጥርስ አለው። አበባው ትንንሽና አረንጓዴ ሆኖ ንብ ይስባል። ፍሬው የአተር ያህል ሲሆን ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ሲበስልም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ደግሞ ለጠጅ ስለሚውል ከአንድ ቁጥቋጦ ሁለት ዓይነት ገበያ ይገኛል።

ከዱር የሚለቀም ጌሾ ዋነኛ ችግሩ የአቆራረጡ ነው። ቶሎ ሸክም ለመሙላት ሲባል ቁጥቋጦውን ከሥሩ መንቀል ወይም የግንዱን ልጥ ዙሪያውን መላጥ ተክሉን ይገድለዋል። ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ግንድ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚወርደው ምግብ ስለሚቋረጥበት ይደርቃል። ትክክለኛው አሠራር በስለታም ቢላዋ ወይም በመቀስ የደረሱትን ቅርንጫፎች ብቻ መርጦ መቁረጥና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ በቂ ጉቶ መተው ነው። ቅጠሉንም ሙልጭ አድርጎ መግፈፍ አይገባም። ፍሬ የያዙ ጥቂት ቅርንጫፎች ቢቀሩ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ወደ ሌላ ቦታ ያደርሱታል።

ወይራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ አንዱ ሲቆረጥ የሚተካው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ጋን ለማጠን የሚበቃው ግን ጥቂት ደረቅ ፍልጥ ነው። ስለዚህ የወደቀና የደረቀ ቅርንጫፍ እያለ በቁሙ ያለ ወይራ ላይ መጥረቢያ ማንሳት አያስፈልግም።

ዘላቂው መፍትሔ ጌሾን ወደ ጓሮ ማምጣት ነው። ለዚህ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ነዋሪው እህል ከማረስ ይልቅ በደን ጥላ ሥር በሚበቅል ቡናና ጌሾ ሲተዳደር ኖሯል። ጌሾው ገቢ ስለሆነ ደኑም ጠባቂ አግኝቷል። በሌሎች አካባቢዎችም በአጥር ዳር፣ በእርከን ላይና በውሃ መውረጃ ጠርዝ ጌሾ መትከል የእህል ማሳ ሳይሻሙ ገቢ ለማግኘት ያስችላል።

ችግኝ ለማፍላት ጠቁሮ የበሰለ ፍሬ ይለቀማል። ሥጋው ታሽቶ ይታጠብና ዘሩ በጥላ ሥር እንዲደርቅ ይደረጋል። ዘሩ ሳይቆይ በመደብ ላይ ቢዘራ የተሻለ ይበቅላል። ችግኙ ጠንክሮ ዝናቡ ሲረጋ፣ በተለይ በሐምሌ፣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአረምና ከከብት መጠበቅ፣ በበጋም ውሃ ማጠጣት ይገባል። ተክሉ ሳይጠነክር ቅጠል ለመልቀም መቸኮል ያቀጭጨዋል። የተለቀመው ቅጠልና የተቆረጠው እንጨት በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ስለሚሻግት ዋጋ ያጣል።

የተጣጣለው ጠጅ መልካም እንዲሆን ከጋኑ ንጽሕና መጀመር ያስፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ በኋላ አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ይበረዛል። በጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቆይ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተገፎም ይወጣል። ሰፈፉ የሚጣል አይደለም፤ ቀልጦ ሲጣራ ለጧፍና ለገበያ የሚሆን ሰም ይወጣዋል። ቀጥሎ ከብርዙ ጥቂቱ ተቀንሶ ታጥቦ ከተላጠ የጌሾ እንጨት ጋር ይፈላል፤ ሲበርድም ወደ ጋኑ ይመለሳል። በየቀኑ እየተማሰለ በሞቃት አካባቢ አምስት ቀን ያህል፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ቀን ቆይቶ በጨርቅ ይጠለላል።

ለጠጅ የሚገዛ እርሾ የለም። እርሾው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የሚመጣ ነው። ጌሾው ከምሬቱ ሌላ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ጥቃቅን ተዋሕስያንን ይገታል። በመፍላት ላይ ያለን መጠጥ ግን አየር እንዳይወጣ አድርጎ መክደን ዕቃውን ሊያፈነዳ ስለሚችል መጠንቀቅ ይገባል።

በጥንቃቄ ረገድ ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ኬሚካል የነበረበት ጄሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለማርም፣ ለብርዝም፣ ለውሃም መዋል የለበትም። ሁለተኛው ማንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ቅጠል፣ ሥር ወይም ፍሬ መጠጡን ያጠነክራል ተብሎ ወደ ጋን መግባት የለበትም። በየቆሻሻው ቦታና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ለምሳሌ ሁለመናው መርዝ ነው። ሦስተኛው ማር በስኳርና በቀለም እየተተካ የሚሸጥ መጠጥ ነው። ይህ ገዢውን ከማታለሉም በላይ በንጹሕ ማር የምትጥለዋን ባለሙያ ከገበያ ያስወጣል፤ የንብ አናቢውንም ድካም ዋጋ ያሳጣል።

ከዚህ አንጻር የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ድርሻ ትልቅ ነው። በየክረምቱ ለሚተከለው ችግኝ ዕቅድ ሲወጣ ከባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ጌሾ፣ ግራዋ፣ ወይራና ዋንዛ በቁጥር ተይዘው በችግኝ ጣቢያ ሊፈሉ ይገባል። ከከብት በተከለሉ ተራሮች ላይ ጌሾ የሚቆረጥበት ወቅትና መጠን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በሚያወጡት ደንብ ቢወሰን ቁጥቋጦው ለማገገም ጊዜ ያገኛል። በእነዚሁ ተራሮች ላይ ቀፎ እንዲሰቅሉ የሚፈቀድላቸው ወጣቶችም ደኑን ለመጠበቅ የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል።

የኬሚካል ርጭትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አበባ ባለበት ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ መርጨት ንብ ይፈጃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ርጭቱ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆን፣ ንብ አናቢዎችም አስቀድሞ እንዲነገራቸው ቢያስተባብሩ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

አርሶ አደሩ ሌላውን እስኪጠብቅ ድረስ መቀመጥ አይኖርበትም። ዘንድሮ የበሰለ የጌሾ ፍሬ ለቅሞ በጓሮው መደብ ላይ የዘራ ሰው ለከርሞ ክረምት የሚተክለው ችግኝ ይኖረዋል። አሥር እግር ጌሾ በአጥሩ ዙሪያ ያቆመ ቤተሰብ ተክሉ ሲጠነክር ለቤቱ የሚሆነውን ለቅሞ የተረፈውን ወደ ገበያ ይወስዳል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ የቀረው የዱር ጌሾም ዘሩን ለትውልድ ያቆያል።