በጉዳት ጊዜ ሰውነትን ማጠንከርና ክብደትን መቀነስ

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ የሚጠብቅ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። እግሩ ወለም ብሎታል፤ ወይም ክንዱ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። መምህሩ በርኅራኄ «አንተ ዛሬ ዕረፍ» ይለዋል። ዛሬ የተባለው ግን ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንቱም የትምህርቱን ዘመን እኩሌታ ይወስዳል። ልጁ ወደ ሜዳ ሲመለስ ትንፋሹ አጥሮ፣ ጭኑ ቀጥኖ፣ ሰውነቱ ከብዶ ይገኛል። የመምህራኑም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጉልበቱን ያመመው መምህር «እስኪሻለኝ» እያለ ከመራመድ ይታቀባል፤ ካልተራመደ ይወፍራል፤ ከወፈረ ደግሞ ጉልበቱ ይብስበታል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ማረፍ ያለበት የተጎዳው ክፍል እንጂ መላው ሰውነት አለመሆኑ ነው።

ጡንቻ ሥራ ካጣ ይመነምናል። በጀሶ የታሰረ እግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓይን በሚታይ መጠን እንደሚቀጥን ጀሶ ሲፈታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አጥንትም ቢሆን እንደ ድንጋይ ባለበት የሚኖር ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ አጥንት ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ጫና ሲያጣ ይሳሳል። የልብና የሳንባ ብርታትም እንዲሁ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ማሽቆልቆል ይጀምራል። እንግዲህ በአንድ ቁርጭምጭሚት ምክንያት መላ ሰውነቱን ያስተኛ ሰው አንድ ጉዳት የነበረውን ብዙ ያደርገዋል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕረፍት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ከመጠን በላይ ሲሳቡ ወይም ሲበጠሱ የሚደርስ ጉዳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየደጋገሙ ማቀዝቀዝ፣ በመጠኑ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ የሚያመው ተማሪ ግን ራጅ መነሣት አለበት።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር ብናልፍ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። ሕዝባችን በወጌሻ ያለው እምነት ከጥንት የመጣ ነው፤ ልምድ ያላቸውም መኖራቸውን አንክድም። ሆኖም ገና ትኩስ የሆነውን ጉዳት አጥብቆ ማሸት በውስጥ የሚፈሰውን ደም ያበዛል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ ስብራትም የደም ዝውውሩን ሊዘጋው ይችላል። በዚህ ምክንያት ሥጋቸው ሞቶ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በሆስፒታሎቻችን ታይተዋል። የታሰረው ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንጂ «ነገ እናያለን» ማለት አይገባም።

በከንቱ የሚባክነው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እግሩ የተጎዳ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ቦክሰኛ አየር እየመታ ለሁለት ደቂቃ ቢሠራ፣ አንድ ደቂቃ አርፎ አምስትና ስድስት ጊዜ ቢደጋግም፣ ልቡ እንደ ሩጫ ይመታል። ክብደት ማንሻ የለንም የሚል ምክንያትም አይሠራም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ እየተጨመረበትና እየተቀነሰለት ለደካማውም ለብርቱውም የሚሆን ክብደት ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ደግሞ ሐኪሙ ከፈቀደለት በጀርባው ተኝቶ፣ ደኅነኛውን ጉልበት አጥፎ፣ የተጎዳውን እግር እንደ ተዘረጋ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ያነሣዋል፤ አምስት ሰከንድ ይይዘዋል፤ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጉልበቱ ሳይታጠፍ ጭኑ ሠራ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ደኅነኛው ወገን ሲሠራ የተጎዳው ወገን መጠቀሙ ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረው ኤድዋርድ ስክሪፕቸር እ.ኤ.አ. በ1894 አንዱን እጅ ብቻ ማለማመድ ሌላውንም እንደሚያበረታ አሳየ። ብርታት ከጡንቻው ብቻ ሳይሆን ከአንጎል በነርቭ በኩል ከሚመጣው ትእዛዝም ጭምር ስለሆነ፣ ትእዛዙ ሲለመድ ለሁለቱም ወገን ይተርፋል። ስለዚህ ቀኝ ክንዱ በጀሶ የታሰረ ተማሪ በግራው ጀሪካን እንዲያነሣ ማድረግ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም።

ወደ ክብደት ጉዳይ እንመለስ። ብዙ ሰው ሲጎዳ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ደም ይተካ» ተብሎ ከወትሮው አብልጦ ይበላል፣ ወይ እንዳይወፍር ፈርቶ ምግብ ይተዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። ሰውነት የተበጠሰውን ለመጠገን ገንቢ ምግብ ይፈልጋል፤ ካላገኘ የራሱን ጡንቻ ይበላል። መቀነስ ያለበት ኃይል ሰጪው ነው፤ እሱም በልኩ።

አንድ ስሌት እንሥራ። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣና በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር መምህር (በመምህራን ማረፊያ ክፍሎች እንዲህ ያለው ብርቅ አይደለም) 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይወስዳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስኳሩን ቢተውና ከወጡ በየድርሻው ሁለት ማንኪያ ዘይት ቢቀንስ 480 ኪሎ ካሎሪ ቀረለት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህንን በእግር ጉዞ ለማውጣት ፈጠን ብሎ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መሄድ አለበት፤ እግሩ የተጎዳ ደግሞ ይህን ሊያደርግ አይችልም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያወጣውም ስለሚያንስ ውጤቱ ከጊዜ በኋላ ይዘገያል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ የተገኘ እንደሆነ ዕንቁላልና ወተት ግን አይነኩም። በጾም ወራትም ሽሮና እንጀራ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞሉ የሚጾም ሰው ገንቢ ምግብ አጣሁ ብሎ መሥጋት የለበትም።

ግማሽ ኪሎ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይህን ይመልከት፦ ጉልበታቸውን በሚያማቸውና ክብደታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል እንደሚያቃልል ታውቋል። በዕድገት ላይ ያለውን ተማሪ ግን ያለ ሐኪም ምክር «ክብደት ቀንስ» ማለት አይገባም፤ ለእሱ የሚበቃው ስኳርና ጥብሳ ጥብስ ማብዛቱን መተው ነው።

ለተማሪዎቻችን የምንነግረው የአበበ ቢቂላ ታሪክም በዚህ ረገድ ቢታረም መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ማሸነፉን እንተርካለን። ልጁም ይህን ሰምቶ በእብጠቱ ላይ ይሮጣል። በ1968 በሜክሲኮ ይኸው ጀግና እግሩን እያመመው ሮጦ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማቋረጡን ግን አናነሣም። ሆድ ቀዶ ሲጠገንና የሚሮጥበት እግር ራሱ ሲጎዳ አንድ አይደለም። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። በዚያ ሉድቪግ ጉትማን የተባሉት ሐኪም ከ1940ዎቹ ጀምረው ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርገውት ነበር። አበበ በ1970 በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ፤ በ1971 በኖርዌይ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። የቀረለትን ሰውነት አሠራው። ከቶኪዮው ይልቅ ለተጎዳ ተማሪ የሚነገረው ይኸኛው ነው።

ወደ ሩጫ ለመመለስ የሚመራን ሕመሙ ነው። በልምምድ ጊዜ ትንሽ መቆርቆር አያስፈራም። በማግሥቱ ጧት እግሩ ከትናንቱ ይልቅ ካበጠ ወይም ካመመ ግን ሥራው በዝቷል፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። መጀመሪያ በአንድ እግር ሠላሳ ሰከንድ መቆም፣ ቀጥሎ ዓይንን ጨፍኖ መቆም፣ ከዚያ በአንድ እግር መዝለል፣ ቀጥታ መሮጥ፣ እየታጠፉ መሮጥ፤ የኳስ ግጥሚያ መጨረሻ ይመጣል። በአንድ እግር የመቆሙ ልምምድ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ቁርጭምጭሚት ዳግመኛ ወለም እንዳይል የሚከላከለው እሱ ስለሆነ ከዳነም በኋላ ለብዙ ሳምንታት አይቋረጥም።

ለውጤት አሰጣጥ የሚቸገሩ መምህራን አንድ ዘዴ አለ። ተማሪው በደብተሩ ስንት ጊዜ እንዳነሣ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆመ፣ ጧት ምን እንደተሰማው ይጻፍ። በየሳምንቱም በልብስ ሰፊ ሜትር ከጉልበቱ ራስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ መሄዱን መምህሩ ከደብተሩ ላይ አይቶ ማርክ ሊሰጥ ይችላል።