ለእንሰት ጓሮ የሚሆን ጠንካራ ቢላዋ፦ አመራረጥ፣ አያያዝና አጠቃቀም

መግቢያ

ስለ እንሰት ልማት ስንማማር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ችግኝ፣ ስለ ፍግና ስለ ተከላ ርቀት ነው። ቢላዋ የሥልጠና ርእስ ሆኖ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ሆኖም በጓሮዎ ያለውን እንሰት አንድ በአንድ የሚነካ መሣሪያ ቢኖር ቢላዋ ነው። የደረቀ ቅጠል የሚያነሱት፣ ኮባ የሚቆርጡት፣ ለከብት መኖ የሚያዘጋጁት፣ ለችግኝ ማፍያ አምቾ የሚሰነጥቁት በእሱ ነው። በሽታም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ለመሻገር ከቢላዋ የተሻለ መጓጓዣ አያገኝም።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን እንሰት ላይ ለይተው ገልጸውታል፤ በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ ማሳ ላይ ታይቷል። የታመመን ተክል የሚያድን ርጭት የለም። ለምርት እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት የጠበቁት እንሰት ከታመመ የሚቀረው መንቀል ብቻ ነው። ባክቴሪያው በዋናነት ወደ ጤነኛው ተክል የሚገባው በአዲስ ቁስል በኩል ሲሆን፣ የተበከለ ቢላዋ በአንድ ምት ቁስሉንም ይከፍታል፣ ባክቴሪያውንም ያስገባል። ባክቴሪያው በቢላዋ ላይ ለቀናት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ቢላዋ ሲመርጡ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛው፣ ሥራውን ይችላል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከጫፉ እስከ እጀታው ታጥቦ ይጠራል ወይ? የሚል ነው። ለመታጠብ የማይመች ቢላዋ ምንም ያህል ቢቆርጥ ለእንሰት ጓሮ አይሆንም።

የሚታጠፍ ወይስ የማይታጠፍ?

ሰንጢ ለኪስ ይመቻል፤ ገመድ ለመቁረጥና ፍራፍሬ ለመላጥም ይበቃል። የእንሰት ሥራ ግን ጫና አለው። አምቾ ውስጥ ገብቶ የተያዘ ሰንጢ ሲነቀንቁት ጣት ላይ ሊዘጋ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ማጠፊያው ነው፤ ጭማቂና አፈር እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦም አይወጣም።

ገጀራም ቢሆን ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ትልቅ እንሰት ለመጣልና የጎለመሰ አምቾ ለመፈለጥ ያስፈልግዎታል። ቅጠል ለማንሳት ሲጠቀሙበት ግን አንዱን ቅጠል ሲመቱ ጎን ያለውንም ይጭራል፤ እያንዳንዱ ጭረት ደግሞ ለበሽታ በር ነው። ለዕለት ሥራ የሚያስፈልግዎ ስለቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ የማይታጠፍ ቢላዋ ነው። ከዚህ የሳሳ ይጎብጣል። ከዚህ የወፈረ ደግሞ ይሰነጥቃል እንጂ አጥርቶ አይቆርጥም።

ብረቱን መለየት

በገበያ የሚያገኙት ቢላዋ በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት አያልፍም። አንደኛው ከውጭ የሚገባው የማይዝግ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። ዝገት አይደፍረውም፣ ለመታጠብም ይመቻል፤ ነገር ግን ቀጭን ስለሆነ አምቾ ላይ ይጎብጣል። ሁለተኛው ከላሜራ ወይም ከፌሮ ቁራጭ የተሠራው ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ዛሬ ቢስሉት ግን ነገ ይዶለዱማል። ሦስተኛው ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራው ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ በሙቀት ሊጠነክር ይችላል። ላሜራና ፌሮ ይህን ያህል ካርቦን ስለሌላቸው ቢያግሏቸውም ቢነክሯቸውም የረባ ጥንካሬ አያገኙም። ለእንሰት ጓሮ የምንመክረው ከባሌስትራ የተሠራውን ነው። ጉድለቱ መዛጉ ነው፤ መፍትሔውን ከታች ያገኙታል።

ባሌስትራ ስለተባለ ብቻ ግን አይግዙ። የብረቱ ጥራት ግማሹ በቀጥቃጩ እጅ ነው። የጋለው ብረት ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ በዚያው ከተተወ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ብረቱን አንድ ጊዜ ደግሞ በለዘብተኛ ሙቀት፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ማሞቅ አለበት። የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም ሲይዝ ሙቀቱ መድረሱ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ነው። ቢላዋ ሲያሠሩ ይህን በስም ጠርተው ይጠይቁ፤ ጭማሪ ገንዘብ ቢጠየቁም ይክፈሉ። የቀጥቃጭ ሙያ በብዙ አካባቢ ሲናቅ ኖሯል፤ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ በቀበሌዎ ካለ ግን ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ የማያንስ ሀብት ነው።

ገበያ ሲሄዱ ትንሽ ሞረድ ይዘው ይሂዱ። ከእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ጥግ ላይ በቀስታ ይሞርዱ። ሞረዱ እንደ ምስማር በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። ሞረዱ የሚንሸራተት ወይም በጭንቅ የሚይዝ ከሆነ ጠንካራ ነው። ቀጥሎ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፈው ጥቂት ጎበጥ ያድርጉትና ይልቀቁ። ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። እንደጎበጠ ከቀረ ይተዉት። ሻጩ ይህን ሙከራ ከከለከለዎ ያም አንድ መልስ ነው።

እጀታና አፎት

ብዙ ገዢ ስለቱን አይቶ እጀታውን ሳያይ ይገዛል። ቢላዋ ግን በአብዛኛው የሚበላሸው ብረቱና እጀታው በሚገናኙበት ቦታ ነው። እጀታው ውስጥ የገባው የብረቱ ጭራ አጭርና ቀጭን ከሆነ፣ አምቾ ሲሰነጥቁ ስለቱ እጀታውን ለቆ ሊወጣ ይችላል። ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተበስቶ በምስማር የተቀጠቀጠ ይሁን። ከጭራው ግራና ቀኝ የሚገጠመው እንጨት እንደ ወይራ ያለ ጠንካራና የደረቀ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል፣ በመካከሉም ክፍተት ይፈጠራል።

ያ ክፍተት ነው የሚያሳስበን። የእንሰት ጭማቂ እዚያ ይገባል፤ ስለቱን ምንም ያህል ቢያጥቡት ከእጀታው ሥር እየወጣ መልሶ ይበክለዋል። ስለዚህ እጀታው ላይ ጨርቅ፣ የጎማ ጥብጣብ ወይም ቆዳ አይጠምጥሙ። መያዣው የሚያሙለጭልጭዎ ከሆነ እንጨቱን ለጣትዎ እንዲመች ጎድጎድ አድርገው ያስጠርቡት። ክፍተት ካለ በንብ ሰም ይድፈኑት።

አፎትም እንደዚሁ ነው። የቆዳ አፎት ያምራል፤ ለሠርግና ለጉዞ ይሁን። ለእንሰት ጓሮ ግን ጭማቂ የጠጣ ቆዳ አይጠራም፤ የታጠበ ቢላዋ ቢከቱበት እንኳ መልሶ ያቆሽሸዋል። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቁራጭ በሙቅ ውሃ አለስልሰው በሳንቃ ቢጫኑት ጠፍጣፋ አፎት ይወጣዋል። ታችኛውን ጫፍ ክፍት ይተዉት፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ለማጠብም ይመቻል።

መሳል

የዶለዶመ ቢላዋ ከተሳለው ይልቅ ያቆስላል፤ ምክንያቱም ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት የበዛበት እጅ ደግሞ ያመልጣል። ተክሉንም ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ቅጠል ቶሎ አይደርቅም።

ለመሳል ለስላሳ የመሳያ ድንጋይና ውሃ ይበቃል። ቢላዋውን በምን ያህል ማዘንበል እንዳለብዎ ለማወቅ አንድ ወረቀት ይውሰዱ። የወረቀቱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ሲያጥፉት 45፣ ደግመው ሲያጥፉት 22 ገደማ ይሆናል። ያንን ሹል ድንጋዩ ላይ አቁመው ቢላዋውን በዚያው ልክ ያዘንብሉ። ከእጀታው ወደ ጫፉ እየጎተቱ አንዱን ወገን ከሳሉ በኋላ ሌላውንም በእኩል ቁጥር ይሳሉ። የተሳለ መሆኑን በአውራ ጣት አይሞክሩ፤ የተንጠለጠለ የኮባ ቁራጭ ሳይቀድ ከቆረጠ በቂ ነው።

ቢላዋዎን ብየዳ ቤት ወስደው በኤሌክትሪክ ግራይንደር አያስስሉ። በደቂቃ ውስጥ ይሳላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ስለት እጅግ ይግላል። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷል፣ ከዚያ በኋላ ቢስሉት ስለት አይዝም።

በሥራ ላይ

የእንሰት ጭማቂ እጅን ያሙለጨልጫል። በየጊዜው እጅዎንም እጀታውንም ያድርቁ። ቅጠል ሲቆርጡ ከራስዎ ወደ ውጭ ይቁረጡ፤ ግራ እጅዎ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን። አምቾን በእጅ ይዘው ወይም እግር መካከል አድርገው አይሰንጥቁ። ሳንቃ ላይ ያስቀምጡት፣ ስለቱን ያሳርፉ፣ ከዚያ የቢላዋውን ጀርባ በእንጨት መዶሻ ይምቱ። በድንጋይ ወይም በብረት መዶሻ ከመቱት ጀርባው ይቦደሳል፣ ፍንጣሪውም ዓይን ይጎዳል። ለቆጮ ሲፍቁ በተለመደው የቀርከሃ መፋቂያ ይጠቀሙ፤ የቢላዋ ሥራ መቁረጥ ነው።

ከቆረጠዎ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና ሳሙና ይጠቡና ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ። ፍግ ባለበት አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስ ይኖራል፤ ክትባትዎ ወቅታዊ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ የጤና ባለሙያ ነው።

ማጽዳት

በረኪና በሱቅ ሁሉ ይገኛል። በፕላስቲክ ባልዲ 1 እጅ በረኪና ከ5 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ግን አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ውህዱ ፀሐይ ላይ ኃይሉን ያጣል፣ ስለዚህ በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ ባልዲውንም ጥላ ሥር ያኑሩ። ጭቃና ጭማቂ የለበሰ ቢላዋ እንዳለ ቢነክሩት በረኪናው በቆሻሻው ላይ ያልቃል፣ ባክቴሪያውም ይተርፋል። አስቀድመው በውሃና በሳሙና ይጠቡት።

ከአንድ እንሰት ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ማጽዳት ሥራ ያጓትታል የሚል ቅሬታ ከብዙ አርሶ አደር ይሰማል። ቅሬታው ትክክል ነው። የሚያዋጣው ሁለት ቢላዋ መያዝ ነው፤ በአንዱ ሲሠሩ ሌላው በውህዱ ውስጥ ይቆያል፣ ወደሚቀጥለው ተክል ሲሄዱ ይለዋውጧቸዋል። በተለይ ለችግኝ ማፍያ አምቾ ሲያዘጋጁ ይህን አይዝለሉ። መሐሉን ጎርጉረው ያወጡበት ቢላዋ የተበከለ ከሆነ ከዚያ አምቾ የሚፈሉት ችግኞች በሙሉ በሽታውን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ ለጎረቤት የሚሰጡትም ከእነዚያው ነው።

በረኪና ከሌለ እሳት ይሠራል። ስለቱን እያገላበጡ ለመንካት እስኪያቃጥል ድረስ ነበልባል ላይ ያሳልፉት። ብረቱ ቀለም እስኪቀይር ግን አያቆዩት፤ ቀጥቃጩ የደከመበትን ጥንካሬ ያጠፋሉ።

ማታ ሥራ ሲያበቁ ቢላዋውን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ስለቱን በጥቂት የምግብ ዘይት ያብሱ። በረኪና ብረት ይበላል፤ ይህን ካደረጉ ግን ከባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ ለዓመታት ያገለግላል።

ደቦና ውሰት

በእንሰት አካባቢ ቢላዋው አብዛኛውን ቀን ያለው በእናቶች እጅ ነው። አባወራው ብቻ ሠልጥኖ ቢመለስ ለውጥ አይመጣም። ይህን ጽሑፍ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ኮባ ለመቁረጥ የሚልኩት ሰው ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ቢላዋ ማዋስ የጉርብትና ወግ ነው፤ አይከልክሉ። ሲያውሱ ግን አጽድተው ያውሱ፣ ሲመለስልዎም አጽድተው ይቀበሉ። ደቦ በሚጠሩበት ቀን የውህዱን ባልዲ ጓሮው መግቢያ ላይ ያኑሩ። እንግዳ ሁሉ ቢላዋውን ነክሮ ይግባ። ይህን ለሽማግሌ መናገር የሚከብድዎ ከሆነ መጀመሪያ የራስዎን ቢላዋ በፊታቸው ይንከሩ።

የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የጠወለገ እንሰት ካዩ ለማጣራት ብለው በየተክሉ አይቁረጡ። አንዱን ብቻ ይቁረጡና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ ያዘለ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ አጠውልግ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወዲያውኑ ያሳውቁ። ተክሉን ከነአምቾው ነቅለው ከጓሮው ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ ለከብት አይስጡ፣ መንገድ ዳርም አይጣሉ። ለዚህ ሥራ የያዙትን ቢላዋ፣ ገጀራና ዶማ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ያጽዱ፤ ሳይጸዳ ወደ ቤት የሚመለስ መሣሪያ አይኑር።