«በሊትር ስንት ይሄዳል?» የደብረ ታቦር ዳገትና የነዳጅ ተረቶች

ደብረ ታቦር ላይ ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ሻጩ አያመነታም። «አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት» ይላል። ገዢው ከተጠራጠረም «እስከ ወረታ እንሂድና ራስህ እየው» ይለዋል። ዓለም ሳጋን አልፈው፣ ጠመዝማዛውን ጨርሰው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ የነዳጅ ጌጁ መርፌ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ገዢው ረክቶ ቀብድ ይከፍላል።

ያ ጉዞ ስለ መኪናው ያስረዳው ነገር የለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጠው መንገድ መኪናው 900 ሜትር ያህል ወርዷል፤ ሥራውን የሠራለት ቁልቁለቱ ነው። ያው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሞልቶ ሽቅብ ሲመለስ በሊትር 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ሊያስገርም አይገባም።

እንዲህ ያለ ስሕተት ዛሬ ውድ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው እየወጣ ሄዶ፣ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አልፏል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከሹፌር ወደ ሹፌር የሚወረሰው ምክርም አብሮት ይዞራል። ከምክሩ ብዙው ኪስ ይጎዳል፤ አንዱ ግን ሰው ይገድላል።

«የደጋ አየር ነዳጅ ያስበላል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱ ነው የሚያሳስተው። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 28 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጉልበት ማጣትና ነዳጅ መብላት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት በኮምፒውተር የሚመሩ መኪኖች የሚገባውን አየር ለክተው ነዳጁን በልኩ ይሰጣሉ። ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲነዱ እንዲያውም የሳሳው አየር ከፊት ብዙ ስለማይገፋቸው ትንሽ ይቆጥባሉ።

የሚበላው መለካት የማይችለው አሮጌ ሞተር ነው። የዲኤክስ ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተሰጠውን መጠን ደጋ ላይም ያፈሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። የድሮ ናፍጣ ፖምፓም እንዲሁ ነው። ዳገት ላይ ሙሉ ሲረገጥ የሚልከው ናፍጣ ከሚገባው አየር ጋር አይመጣጠንም፤ ትርፉ በጭስ ማውጫው ጠቁሮ ይወጣል። «ጥቁር ካጨሰ ጉልበት አለው ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው፤ በብር የተገዛ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ፖምፓው ሳይሆን የአየር ፊልትሮው ይሁን። በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ቶሎ በአቧራ ይደፈናል፤ አየሩ በራሱ በሳሳበት አገር ይህ እጥፍ ጉዳት ነው። ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ብርሃን አላሳልፍ ካለ፣ ጭሱ ከየት እንደመጣ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኖዝሎቹ ይፈተሻሉ፤ ፖምፓውም ለደጋ ይስተካከላል።

ከአየሩ ይልቅ ዋናው በላተኛ ግን ዳገቱ ራሱ ነው። ከነተሳፋሪው 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 900 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ የናፍጣው ኃይል ሲሶው ገደማ ብቻ ጎማ ላይ እንደሚደርስ ቢታሰብ፣ ሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ከ2 ሊትር ያላነሰ ይጨምራል። ይህን ሒሳብ የሹፌር ብልሃት አይሰርዘውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሆኖ፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል። ክብደትን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ማንሳት የሚያስከፍለው ዋጋ በዚያን ጊዜ በሰው ጫንቃ ነበር፤ ዛሬ በናፍጣ ነው። ሹፌሩ መቀነስ የሚችለው ክብደቱን ነው። ለዓመታት ፖርቶ መጋላው ላይ የተረሳ ሸራና ትርፍ ብረት፣ ከወንበር ሥር የተከማቸ መለዋወጫ፣ ሁሉም በየቀኑ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ይጫናል።

ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣትም ቁጠባ አይደለም። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ይወጣል። ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሳያስጮሁም ሳያስጨንቁም መውጣት ይሻላል።

«ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ ከለቀቁት ነዳጅ አይበላም»

ሰው የሚገድለው ምክር ይህ ነው።

በኢንጀክሽን የሚሠራ መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። የድሮው ናፍጣ ፖምፓም በዚያ ሁኔታ አቅርቦቱን ያቋርጣል። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መሥራት አለበት፤ ለዚያም እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ያቃጥላል። ስለዚህ በአብዛኞቹ መኪኖች በማርሽ የሚወርደው ነው የሚቆጥበው። ካርቡራቶር ባለው አሮጌ መኪና ላይ ጥቂት ጠብታ ይተርፍ ይሆናል፤ የሚከፈልበት ግን በሌላ ነው።

5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና 300 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እናስብ። የአየሩና የጎማው ሰበቃ የሚወስደውን ቀንሰን፣ 3 ቶን የሚመዝነውን ሚኒባስ ፍጥነቱ እንዳይጨምር አድርጎ ለመያዝ የሚወጣው ሙቀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያፈላል። በዜሮ ማርሽ ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚገባው ፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ይግላል፤ ያረጀና እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ የሚወርድ ሹፌርማ የፍሬኑን አጋዥና የመሪውን ቅለት አብሮ አጥፍቷል። ከጉና ጎን ወደ ጋሳይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርዱት ጠመዝማዛዎች ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የነባር ሹፌሮች ሕግ በነዳጅም በሕይወትም ትክክል ነው። ተሳፋሪም ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ዝቅ ብሎ መኪናው ሲፈተለክ ከተሰማው «ማርሽ ያስገቡ» ብሎ መናገር መብቱ ነው።

«ቀስ ያለ ሁልጊዜ ይቆጥባል»

ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ይሠራል። አየር የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ እጥፍ ያድጋል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲፈጥኑ ፍጥነቱ በሩብ ይጨምራል፤ የአየሩ ግፊት ግን ከግማሽ በላይ። ጣሪያው ከፍ ባለ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ በተጫነበት አባዱላ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው። በሌላ በኩል በ25 እና በ30 ኪሎ ሜትር በዝቅተኛ ማርሽ ማዝገምም አያዋጣም፤ ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያቃጥለው ነዳጅ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይከፋፈላል። ለአብዛኞቹ መኪኖች የሚበጀው በመጨረሻው ማርሽ ከ60 እስከ 80 ባለው መካከል ነው።

ምክሩ ጨርሶ የሚፈርሰው ውሃ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ያለችበት ዞን ምዕራባዊ ወሰኑ ጣና ስለሆነ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ፈጣን የሞተር ጀልባ በጣም ዝግ ስትል ውሃውን ሰንጥቃ በጥቂት ነዳጅ ትሄዳለች፤ በደንብ ስትፈጥን ደግሞ ብድግ ብላ ከላዩ ትንሸራተታለች። የሚከፋው መካከሉ ነው፤ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ጭራዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ ስትታገል በኪሎ ሜትር የምትጠጣው ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሞተር ያላት ያገለገለች ጀልባ የገዛ ሰው «አንዱን አጥፍቼ ልቆጥብ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚሁ መካከል ነው፤ አንዱ ሞተር ብድግ አያደርጋትም፤ የጠፋው ሞተር ፕሮፔለርም ውሃ ውስጥ እየተጎተተ ሸክም ይሆናል። ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የጀልባ ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን አስቀድሞ አጥቷል። ለባሕር ዳርቻ የተመረጠውን ፕሮፔለር በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት በሚገፋ መለወጥና ጭነት መቀነስ ነው መድኃኒቱ።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው»

ብዙ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚወጣውና የሚጣለው ቴርሞስታት ነው። በመዳፍ የምትያዝ፣ መሐሏ ሰም ያላት ትንሽ ቫልቭ ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትዘጋለች፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ስትደርስ ሰሙ ቀልጦ ይገፋትና ትከፈታለች። እሷ ከወጣች ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞርበታል። እንደ ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ ባለ ብርዳም ከተማ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ቀኑን ሊውል ይችላል። ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ማብዛቱን ይቀጥላል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል።

መኪናው ሞቆ የሚፈላበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ተጠርጣሪ አለ። ደብረ ታቦር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተር ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ ውሃውን በዚያ ግፊት አምቆ የመፍሊያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ጤነኛ ሞተር ዳገት ላይ ይፈላል፤ ጥፋቱም ቴርሞስታቱ ላይ ይላከካል። ክዳን መለወጥ ሞተር ከማስወረድ በእጅጉ ይረክሳል።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማሞቅ ለዘመኑ ሞተር አያስፈልግም፤ የዘይት መብራቱ ጠፍቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በእርጋታ መንዳት ይበቃል። ናፍጣ ላይ ላምባ መቀላቀል ዋጋ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ላምባ ቀጭን ነው፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ የተረፈው ገንዘብ በኋላ ለፖምፓ ጥገና ይሄዳል። የላላ ጎማ ደግሞ በየሳምንቱ ሳይለካ የሚቀር፣ በየቀኑ የሚያስከፍል ነገር ነው።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አይመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የነዳጅ ጌጁንም አይመኑ። ማደያ ገብተው መቅጃው በራሱ እስኪዘጋ ያስሞሉ፤ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ለመለኪያ አይሆንም። ከዚያ ባሕር ዳር ደርሰው ይመለሱና እዚያው ማደያ እንደገና እስኪዘጋ ያስሞሉ። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱን በስልክዎ ካርታ ያረጋግጡ፤ ሁለተኛ ጊዜ በገባው ሊትር ያካፍሉት። 20 ሊትር ከገባ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። ወረታ ብቻ ደርሶ መመለስ ለዚህ ያጥራል፤ ሲሞላ የሚፈጠር የግማሽ ሊትር ስሕተት በ9 ሊትር ላይ ብዙ ነው፣ በ20 ሊትር ላይ ግን ያንሳል። ባዶውን የተለካ መኪና ተሳፋሪ ሲሞላ ከዚያ በታች እንደሚሄድም ይወቁ። ሻጩ ቁልቁሉን ብቻ ነድቶ መመለሻውን እንቢ ካለ፣ ቀብድዎን ይዘው ሌላ መኪና ይፈልጉ።