ፓዌ ላይ ማን ይወዳደር?

የፖለቲካ ኢኮኖሚ ተመራማሪ ሹመኛው ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ አይነሳም። የሚያጣራው ሹመኛው ማንን እንደሚፈራ፣ ሲያጠፋስ ማን ሊያወርደው እንደሚችል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ውስጥ የምትገኘው ፓዌ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ተለይቷት አያውቅም።

በ1977 መስከረም ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ጋዜጣውም ሬዲዮውም በመንግሥት እጅ ነበሩ። ዓለም የደነገጠው ጥቅምት 13 ቀን የኮረም ረሃብተኞች በቢቢሲ ከታዩ በኋላ ነው። የመረጃ ነፃነት ለረሃብ ምን እንደሚፈይድ ለማየት ኢኮኖሚስቶቹ ቲሞቲ ቤስሊና ሮቢን በርጅስ የ16 የሕንድ ክልሎችን የብዙ ዓመታት መረጃ መርምረው ነበር፤ ጋዜጣ በብዛት በሚነበብባቸው ክልሎች ሰብል ሲበላሽ መንግሥት እህል በማከፋፈል የበለጠ እንደሚፈጥን አገኙ። የሚታይ ረሃብ የምርጫ ድምፅ ያሳጣልና።

ደርግ ግን የሚያጣው ድምፅ አልነበረውም። መልሱ ሰፈራ ሆነ። በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ፤ ከዚህም ውስጥ ከ80 ሺህ የሚበልጠው ከወሎና ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ሳይቀር ፓዌ ወደምትገኝበት በለስ ሸለቆ መጣ። መንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ተጠሩ። መንደር 7 ዛሬም መንደር 7 ነው። ወባ ሰውን፣ ገንዲ በሬውን ፈጀ። በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተርና ሆስፒታል ይዞ መጣ፤ ገበሬውም በማኅበር እያረሰ ድርሻውን በነጥብ ይቀበል ነበር። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ጣልያኖቹ ሄዱ፣ ትራክተሩም ቆመ። ሰፋሪው ሲመጣ አልተጠየቀም፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋም አልተጠየቀም። የአካባቢው ነባር ነዋሪ ጉሙዝ ደግሞ እያፈራረቀ የሚያርሰውና የሚያድንበት መሬት ሲወሰድ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ሲል ሌሎቹን በነዋሪነት ያውቃቸዋል። ከጉሙዝ በደል አንጻር ሲታይ አመክንዮው አይጠፋኝም። ነገር ግን በ1992ቱ ምርጫ ውጤቱ ምን ሆነ? የወቅቱ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 111/1987፣ ዕጩ ተወዳዳሪ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ አለበት ይል ነበር። ከበርታ ወገን በቀረበ አቤቱታ መነሻ ምርጫ ቦርድ ቋንቋውን የማያውቁ ዕጩዎችን ከውድድር አገደ። የታገዱት አማራ፣ ኦሮሞ፣ ሀዲያ፣ ከምባታና ሌሎችም ነበሩ። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። መጋቢት 1995 የተሰጠው ውሳኔ ሕጉን አልሻረም፤ የቦርዱን እገዳ ግን ኢሕገ መንግሥታዊ አለው፤ የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን የሚያውቅ ሰው መወዳደር ይችላልና። ምርጫው ግን ካለፈ ወደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ተወዳዳሪው ማን እንደሆነ ለውሃ ጉድጓድ ምን አገባው የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ መልሱን ዌስት ቤንጋል ውስጥ አገኙ። በሕንድ የመንደር ምክር ቤቶች ከሊቀ መንበርነት ሦስተኛው እጅ ለሴቶች ብቻ ሆነ፤ የትኞቹ መንደሮች እንደሚሆኑም በዕጣ መሰል መንገድ ተለየ። ሴት የመራችው መንደር ለመጠጥ ውሃ የበለጠ በጀት መደበ፤ ሴቶቹ አጥብቀው የሚጠይቁት እሱን ነበርና። ሕጉ ዕጩን ሲያግድ የሚታገደው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚመጣው ጥያቄም ከምክር ቤቱ ደጅ ይቀራል።

ስለዚህ በእኔ እምነት የባለቤትነት መብትም የመወዳደር መብትም በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው። የጉሙዝ መሬት በሕግ ይጠበቅ፤ መንደር 7 የተወለደ ልጅም ይመረጥ። በ2013ቱ ምርጫ መተከል ላይ ከባድ ግጭት በመኖሩ ሳይመርጡ የቀሩ የዞኑ አካባቢዎች ድምፅ ለመስጠት እስከ ሰኔ 2016 ጠብቀዋል፤ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ደግሞ የተፈናቀለውም የቀረውም አቤቱታውን የሚያቀርብለት የራሱ ተመራጭ ያስፈልገው ነበር።