መብራት ሲቋረጥ የጠፋን የኤክሴል መዝገብ ስለ መመለስ

የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር በኤክሴል እየተመዘገበ ሳለ መብራት ቢቋረጥ የሙሉ ቀን ድካም ከንቱ የቀረ ይመስላል። ሆኖም ኤክሴል፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ ያልተቀመጠውን ሥራ በየ10 ደቂቃው ጊዜያዊ ቅጂ ያደርግለታል። መዝገቡ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ከብልሽቱ በኋላ በሚደረግ ጥድፊያ ነው።

ኤክሴል እንደገና ሲከፈት የተረፉትን ቅጂዎች ከነሰዓታቸው በስተግራ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ከመዝጋት አስቀድሞ እያንዳንዱን ከፍቶ መመልከት፣ የተሟላውንም በሌላ ስም ማስቀመጥ ይገባል፤ በነባሩ ፋይል ላይ ከተጻፈ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልምና። ፋይሉ ከመነሻው ስም ያልተሰጠው ከሆነ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ወርክቡክ»፣ ከዚያም «ሪከቨር አንሴቭድ ወርክቡክስ» የሚሉትን በቅደም ተከተል መጫን ነው። እነዚህ ቅጂዎች የሚቆዩት ለ4 ቀናት ያህል ብቻ ስለሆነ ሥራው ለሳምንት አይቀጠርም።

የተመለሰው ሰንጠረዥ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ላይዝ ይችላል። ስሙ የጎደለ አባወራ በእደላው ዕለት ስንዴውን ሳይቀበል ይመለሳልና ከወረቀቱ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ግድ ነው። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ክፍል 10ሩን ደቂቃ ወደ 2 ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ።