ከዋቱ በፊት ስፒከሩን እዩት

የድምፅ ዕቃ ወዳጆች ዴንቨርን በደንብ ያውቋታል። ሮኪ ማውንቴን ኦዲዮ ፌስት የተባለው ዐውደ ርእይ ከ2004 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የሚካሄደው እዚሁ አካባቢ ነበር፤ የመጨረሻው የተደረገውም አውሮራ ውስጥ ነው። አምፕሊፋየር ሠሪው ፒኤስ ኦዲዮ ቦልደር ይገኛል፤ የዋይጂ አኩስቲክስ ስፒከሮች ደግሞ አርቫዳ ይሠራሉ። የእነሱን ዋጋ እንተወው፤ መኪና ይገዛል።

ለአፓርትመንት ሳሎን አዲስም ሆነ አሮጌ ዕቃ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት ግን የስፒከሩ ዴሲቤል ነው። መመሪያው ላይ 87 ወይም 90 ዴሲቤል የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰማው ድምፅ መጠን ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 90ው በ50 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 87ቱ የሚያወጣው በ100 ዋት ነው። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ከ50 ወደ 60 ዋት ለማደግ ብዙ ዶላር መጨመር እንግዲህ ከንቱ ወጪ ነው።

ቀጥሎ ኦም፣ ማለትም ስፒከሩ ለከረንት ያለው ተቃውሞ መለኪያ፣ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከ6 እስከ 16 ኦም ተብሎ ከተጻፈ ባለ 4 ኦም ስፒከር አትቀጥሉበት፤ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ ጊዜ ሲከፈትም ብዙውን ጊዜ ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል። ዴንቨር በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ስሱ አየር ሙቀትን በደንብ አያወጣም፤ ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ አታፍኑት።

ትልቅ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ያቃጥላል፤ ትንሹም ግን ያቃጥላል፣ ይህንን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ክራሩ በ1 ዋት ደስ ብሎ ሲሰማ ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት 10 ወይም 20 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። አቅም የሌለው አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ከተከፈተ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ቀጭን ድምፅ በብዛት ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። የትዊተር ሽቦ ደግሞ ፀጉር ያህል ስስ ነው። የዘፋኟ «ስ» ሲሻክር፣ ከበሮው ሲታፈን ከሰማችሁ ወዲያው ቀንሱ። እኔ ብሆን ሰፋ ያለ ዋት ይዤ ዝግ አድርጌ እከፍታለሁ።

ዕቃውን ለአገር ቤት ዘመድ ልትልኩት ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። እዚህ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። 220ን የሚቀበል መቀየሪያ ከሌለው ከተመጣጣኝ ትራንስፎርመር ጋር ላኩት።